ልጁ ሰንጢ መያዝ ጀምሯል፤ አሁን ምን ይደረግ?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ወገቡ ላይ ስለት ሸጉጦ የሚዞር ታዳጊ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሊገድል የወጣ አይደለም። የፈራ ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ የትኛው ቅያስ ላይ ማን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ለአባቱ ቢነግር «አንተስ ምን አድርገህ ነው?» እንደሚባል፣ ለመምህሩ ቢነግር ጓደኞቹ «ሰባቂ» እንደሚሉት ያውቃል። ስለዚህ ከማጀት የሽንኩርት ቢላዋ ያነሳል፣ ወይም ከገበያ ታጣፊ ሰንጢ ይገዛል፣ ወይም ብየዳ ቤት የሚውል ጓደኛው ከመጋዝ ምላጭ ስሎ ይሰጠዋል። ከወጣቶች ጋር የምንሠራ ሰዎች ደጋግመን የምናየው ይህንኑ ነው። ወላጅ ነገሩን «ልጄ ዱርዬ ሆነ» ብሎ ከጀመረው ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ ልጁ ጆሮ አይገባም።

የጸቡ መነሻ ሲሰሙት ትንሽ ነው፤ ፑል ቤት የተበላ ብር፣ ፕሌይስቴሽን ላይ የተወረወረ ስድብ፣ ሜዳ ላይ የተረገጠ እግር፣ ተውሶ ያልተመለሰ ስልክ፣ ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ፎቶ፣ የሴት ጓደኛ። ነገር ግን ከስድቡ እስከ ስለቱ ድረስ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት አለ። በእነዚያ ቀናት «እናገኘዋለን» ተብሏል፣ ቦታና ሰዓት ተቆርጧል፣ የክፍል ልጆች ሰምተዋል፣ ታናሽ እህት ሰምታለች። ያልሰማው ትልቁ ሰው ብቻ ነው። እርዳታ የሚሠራውም በእነዚያ ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደም ማቆም፣ ዋስ መፈለግና ለቅሶ መድረስ ነው።

ምልክቱ ለሚያየው ሰው አይጠፋም። ልጁ መንገድ ይቀይራል፤ አሥር ደቂቃ የሚፈጀውን ትቶ ግማሽ ሰዓት የሚያዞረውን ይመርጣል። በተወሰነ ቀን ብቻ «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ይቀራል። ኮምቦልቻ ላይ በዚያ ሙቀት ጃኬቱን አላወልቅም ይላል፤ ሲቀመጥ እጁ ወደ ወገቡ ይሄዳል። መዳፉ ላይ ወይም በጣቶቹ የውስጥ በኩል አዲስ ቁርጥ ካለ ልብ ይበሉ። የማጀት ቢላዋ እጀታና ስለቱ መሃል ማገጃ ስለሌለው፣ ላብ ወይም ደም የነካው እጅ ተንሸራቶ ስለቱ ላይ ያርፋል። ቢላዋ ሴት ልጅ ቦርሳ ውስጥ ቢገኝ ደግሞ የእሷ ነው ብለው አይደምድሙ። ሴቶች ብዙም ስለማይፈተሹ ወንዶቹ ያስይዟቸዋል፤ እሷም እንቢ ለማለት ፈርታ ይሆናል።

ስለቱን ያገኘ ወላጅ የመጀመሪያ ምሽቱን ይጠንቀቅ። በቀበቶ ከተጀመረ ልጁ ቢላዋውን አይተውም፤ ቦታውን ነው የሚቀይረው። ከአጥር ሥር፣ ከባጃጅ መቀመጫ ስር፣ ወይም ጓደኛው ዘንድ ያኖረዋል። ከዚያ ወዲያ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አይኖርም። ታናናሾቹ በሌሉበት፣ ቢቻል ቤት ውስጥ ሳይሆን አብሮ እየሄዱ ማነጋገር ይሻላል፤ ጎን ለጎን የሚሄድ ልጅ ፊት ለፊት ከተቀመጠ ልጅ ይልቅ ይናገራል። «ምን ልታደርግበት ነው?» የሚለው ጥያቄ ውሸት ይወልዳል። «ማንን ነው የምትፈራው?» ብለው ዝም ይበሉ። ዝምታው ቢረዝምም አይሙሉት። አባት የማይመቸው ልጅ ካለ አጎት፣ ታላቅ የአክስት ልጅ ወይም ልጁ የሚያከብረው የሰፈር ሰው ይግባበት። «አብሽር፣ ብቻህን አይደለህም» የሚለው ቃል በእኛ አገር ክብደት አለው፤ ነገር ግን ተግባር ካልተከተለው በሦስተኛው ቀን ቢላዋው ይመለሳል።

ማወቅ የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ማን ነው፣ የት ነው የሚገናኙት፣ ቀጣዩ ቀን መቼ ነው። ከዚያ ስለቱን ሲወስዱ በምትኩ አንድ ነገር ይስጡ። ለሁለት ሳምንት ያህል ጠዋትና ማታ የሚሸኝ ትልቅ ሰው፣ የሚታወቅ የባጃጅ ሹፌር ጋር ስምምነት፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግሮ ከሌሎቹ አሥር ደቂቃ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መውጣት፤ ከእነዚህ አንዱ በቂ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት የምንለው ቁጣው ብዙ ጊዜ በዚያ ስለሚበርድ ነው፤ ዛቻው ከቀጠለ ግን ሽኝቱም ይቀጥላል።

ልጆቹ ስለ ስለት የሚያምኑት ነገር ስህተት ነው፤ ይህንን ረጋ ብሎ በዝርዝር ማስረዳት ከማስፈራራት ይልቅ ይሠራል። አንደኛው እምነት «እግሩን ብቻ ነው የምወጋው» የሚል ነው። በጭኑ ውስጥ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር ይሄዳል፤ እሱ ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ብሽሽት፣ ብብት፣ መቀመጫም እንደዚያው ናቸው። ሁለተኛው «ትንሽ ናት፣ ምን ታመጣለች» የሚለው ነው። ስለትን የሚከለክለው በዋናነት ቆዳ ነው። ሹል ጫፍ ቆዳውን ካለፈ በኋላ የቀረው ብዙ ጉልበት ሳይጠይቅ ይገባል፤ «ገፋ አደረግሁት እንጂ አልወጋሁትም» የሚሉት ልጆች አንዳንዴ እውነታቸውን ነው። ሆድ ደግሞ ሲገፋ ወደ ውስጥ ስለሚሰረጉድ፣ 7 ሳንቲ ሜትር ስለት ከ7 ሳንቲ ሜትር የጠለቀ አካል ሊደርስ ይችላል። ሦስተኛው «አውጥቼ ሳሳየው ይሸሻል» የሚለው ነው። ሌላውም ይዞ ከሆነ ያወጣል፤ ካልያዘ ይነጥቃል፤ ጓደኞቹ ከኋላ ናቸው። ሰውነት ላይ ስለት የሚያሳርፉበት «የማይጎዳ» ቦታ የለም።

«ራሴን ለመከላከል ነው» የሚለውም ሕጉ ፊት ልጆቹ እንደሚያስቡት ሰፊ አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይቀበላል፤ ነገር ግን ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ማምለጥ የማይቻል፣ አጸፋውም ከጥቃቱ ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። ቀጠሮ ይዞ፣ ስለት ሸጉጦ የሄደ ልጅ ይህንን ማስረዳት በጣም ይከብደዋል።

ጸቡን ለማርገብ ወሎ ከሌላው ያልተናነሰ ሀብት አለው። አበጋሮች (ጸብ የሚያስታርቁ የአገር አባቶች)፣ ደም አድራቂ ሽማግሌዎች፣ ሼሁና ቄሱ አንድ ላይ የሚቀመጡበት ልማድ አለን። ችግሩ የምንጠራቸው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። ለስልክና ለስድብ ጸብም መጥራት ይቻላል፤ አያፍሩ። የቅሬው (የዕድሩ) ዳኛ ሁለቱንም ቤት ያውቃል። ለቀብር የሚጠራ ሰው ቀብር እንዳይኖር ሲጠራ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። ሆኖም ልጆችን ማስታረቅ እንደ አዋቂ እርቅ አይደለም። ሁለቱን ፊት ለፊት አቁሞ «ተሳሳሙ» ማለት ውርደትን ይጨምራል፤ ማታውኑ ጓደኞቹ «ለመንክ» ይሉታል። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ለብቻ ማዳመጥ፣ ከዚያ ስምምነቱን በነገር መሙላት ያስፈልጋል፦ ስልኩን ማን ይመልሳል፣ ፖስቱን ማን በስንት ሰዓት ያጠፋል፣ ማን በየት በኩል ይሄዳል፣ ጓደኞቻቸውን ማን ያናግራል። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል፤ ሁለቱ ታርቀው ጓደኛ ለጓደኛ የሚዋጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ትምህርት ቤት ውስጥ ለዳይሬክተሩ በስልክ ከመንገር ይልቅ በአካል ሄዶ፣ ቀኑንና የልጆቹን የክፍል ሴክሽን በወረቀት ጽፎ መስጠት ይሻላል። የወላጅ መምህር ኅብረቱ አባላትም የሰፈር ሰዎች ስለሆኑ በዚያ በኩል ሌላው ቤተሰብ ዘንድ መድረስ ቀላል ነው። ዛቻው ግልጽ ከሆነ ግን፣ «ዛሬ ማታ» ወይም «አርብ» የሚል ቀን ካለው፣ ሽማግሌ አይጠበቅም። ለፖሊስ ይነገራል፤ የሰፈሩን የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አባል አስቀድሞ ማወቅ የሚጠቅመውም ለዚህ ቀን ነው። የዛቻውን መልእክት አያጥፉት፤ የላኪው ስምና ሰዓቱ በሚታይበት ሁኔታ ስክሪንሾት ያንሱ፣ የድምፅ መልእክቱንም ሌላ ስልክ ላይ ያስቀምጡ።

ስለት ካረፈ

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በእጅ ላይ ናቸው። አንድ ሰው ወደ 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) እና ወደ 991 (ፖሊስ) ይደውል፤ ሌላው ቁስሉ ላይ ይሁን። አዋቂ ሰው ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ያህል ነው፤ ባለ 2 ሊትሩን የሃይላንድ ጠርሙስ የሚያህል ከፈሰሰ ሕይወቱ አፋፍ ላይ ነው። ስለዚህ መኪና ከመፈለግ በፊት ደሙ ይያዝ።

ቢላዋው ተሰክቶ ከቀረ አይነቀልም። የደም ሥሩን የደፈነው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ግራና ቀኙን በጨርቅ ደግፎ እንዳይነቃነቅ ማድረግ ብቻ ነው። ስለቱ ከሌለ ንጹሕ ነጠላ፣ ሻሽ ወይም ቲሸርት አጣጥፎ በሁለት እጅ፣ ክርን ሳይታጠፍ፣ በሰውነት ክብደት መጫን ነው። ለ10 ደቂቃ እጅ አይነሳም። የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በየደቂቃው «ቆመ ወይ?» ብለው ገልጠው ያያሉ፣ የረጋውም ደም ተነቅሎ እንደ አዲስ ይፈስሳል። ጨርቁ ቢርስ ከላዩ ሌላ ይደረባል እንጂ የመጀመሪያው አይነሳም። ብሽሽትና ብብት ላይ ያለ ጥልቅ ቁስል ከላይ ቢጫኑት ስለማይበቃው ጨርቁን በጣት ወደ ውስጥ ጠቅጥቆ ከዚያ መጫን ያስፈልጋል።

ክንድ ወይም እግር ላይ ሆኖ ደሙ በመጫን አልቆም ካለ ይታሰራል። ማሰሪያው ሦስት ጣት የሚሰፋ ጨርቅ ይሁን፤ የጫማ ክርና ሽቦ ሥጋ ይቆርጣሉ። ከቁስሉ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ጉልበትና ክርን ላይ ሳይሆን፣ ይታሰርና ቋጠሮው ላይ እንጨት ወይም ማንኪያ ገብቶ ደሙ እስኪቆም ይጠመዘዛል። በጣም ያማል፤ ማመሙ ስህተት መሠራቱን አያሳይም። የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ወይም እጁ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ፤ ሐኪም እስኪያየው አይፈታም።

ደረቱን የተወጋ ሰው ቀና ብሎ፣ ተደግፎ ይቀመጥ፤ ቁስሉ ላይ ላስቲክ አይለጠፍበት፤ አየር ውስጥ ታፍኖ ሳንባውን ሊጫን ይችላል። ሆዱ ከሆነና አንጀት ከወጣ ወደ ውስጥ አይመለስም፤ በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ ይሸፈንና ጉልበቱን አጥፎ ይተኛ። ውሃ፣ ሻይ፣ ምንም አይጠጣ፤ ቀዶ ሕክምና ሊኖር ይችላል። ቡና፣ ጨው፣ አፈር፣ ነጭ ጋዝ ቁስል ላይ አይደረግም። ደም የፈሰሰው ሰው ይበርደዋል፤ ደሴ ደግሞ ሌሊት ብርዷ የታወቀ ነው፤ ጋቢ ይደረብለት።

አምቡላንስ ከዘገየ ባጃጅ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን ቁስሉን የሚጫን ሰው አብሮ ሊቀመጥ ስለሚገባና የተጎዳው ሰው መጋደም ስላለበት ሚኒባስ ወይም ፒክአፕ ከተገኘ ይሻላል። ኮምቦልቻ ላይ ከሆኑ በቀጥታ ዳገቱን ወደ ደሴ ለመውጣት አይጣደፉ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ነው። መጀመሪያ ቅርብ ያለው ጤና ተቋም ደሙን አስቁሞ፣ ግሉኮስ ሰክቶ፣ በአምቡላንስ ወደ ደሴ ሪፈር ቢል መንገድ ላይ የሚደርሰው ይቀንሳል። «መጀመሪያ የፖሊስ ወረቀት አምጡ ይሉናል» ብሎ ጣቢያ የሚዞር ቤተሰብ አለ፤ ሕክምናው ይቀድማል፣ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል። ሐኪሙ የሚጽፈው የሕክምና ማስረጃ ግን በኋላ ፍርድ ቤት ላይ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ የቁስሉ ቦታና ጥልቀት መጻፉን ይጠይቁ። ልብሱን አያጥቡት፤ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ያቆዩት። ደም የሚሰጥ ዘመድ ቁርስ በልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ ይምጣ፤ ባዶ ሆዱን የመጣ ሰው ሊዞርበት ይችላል።

ያን ሌሊት የሚፈራው ሌላ ነገር የድንገተኛ ክፍሉ ደጅ ነው። የተጎዳው ልጅ ጓደኞች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ በቀሉ የሚመከረውም እዚያው ነው። ከቤተሰቡ አንድ የተረጋጋ ሰው ሥራው ይህ ብቻ ይሁን፦ ወንድሙንና የቅርብ ጓደኛውን ከጎኑ አለማራቅ፣ ሥራ ማስያዝ፣ ደም እንዲሰጡ፣ ምግብ እንዲያመጡ፣ እንዲያድሩ ማድረግ። የወጋው ልጅ ቤተሰብም በዚያ ሌሊት ለመጠየቅ ራሳቸው አይምጡ፤ ሽማግሌ ይላኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ ቢያስቸኩልም ደም ባልደረቀበት ሰዓት መገናኘት ሌላ ደም ይጠራል።

የወጋው ልጅ ቤት

ልጁ እቤት ደርሶ «ሰው ወጋሁ» ካለ መደበቅና ወደ ገጠር ዘመድ መላክ የመጀመሪያው ሐሳብ ይሆናል። አያድርጉት። ፍለጋው ይቀጥላል፣ የተጎዳው ወገንም ልጁን ሲያጣ ወንድሙን ይፈልጋል። ሁለት ሽማግሌ ይዞ፣ ቢቻል ጠበቃ ጨምሮ፣ እጅ መስጠት ይሻላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ራሱን ለሕግ የሰጠ፣ የተጎዳውን የረዳ፣ የካሰ ሰው ቅጣት እንዲቀልለት ከሚያደርጉት ምክንያቶች ይቆጥረዋል። ቢላዋውን አይጠቡት፣ ወንዝ አይጣሉት፤ ማስረጃ ማጥፋት ራሱን የቻለ ወንጀል ነውና ወላጅም ይጠየቅበታል።

ከሁሉ አስቀድሞ የዕድሜ ማስረጃ ይያዝ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ። ታዳጊዎች ትልቅ ለመምሰል «18 ነኝ» ብለው ቃል ይሰጣሉ፤ ያ አንድ ቁጥር ጉዳዩን ይቀይረዋል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው መደበኛ ቅጣት አይጣልበትም፤ ፍርድ ቤቱ ተግሳጽ፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ መቆየት፣ ክትትል ያለበት ትምህርት፣ ሕክምና ወይም ጠባይ ማረሚያ ተቋም መግባትን ሊያዝ ይችላል። ከ15 እስከ 18 ያለው ግን በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፤ ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ሊያቀልለት ይችላል። 15 ዓመት ሞላሁ አልሞላሁ የሚለው ከዚህ የተነሳ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሰው የሞተበት ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት፣ ከባድ የአካል ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስፈርድ ይችላል።

ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ላለመናገር መብት እንዳለው፣ ልጆችም ከአዋቂ እስረኞች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። የ48 ሰዓቱ ቆጠራ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደውን ጊዜ አይጨምርም። የልጆች ጉዳይ ችሎት ዝግ ነው። ልጁ ከአዋቂዎች ጋር ከተቀመጠ ወላጅ ለጣቢያው ኃላፊ፣ ካልሆነም ለዳኛው በመጀመሪያው ቀጠሮ ይናገር፤ ሳይጠየቅ የሚያስተካክለው ላይኖር ይችላል። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለ በመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብ ዳኛው ይጠየቃል፤ ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍም አለ። የከተማው የሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ስለ ልጁ አስተዳደግና ቤተሰብ የሚያውቀውን ለፍርድ ቤቱ እንዲያቀርብ መጠየቅ ይቻላል።

እርቅ ሲባል አንድ ነገር ይለይ። ቀላል የአካል ጉዳት በመደበኛው በተጎዳው ሰው አቤቱታ የሚሄድ ስለሆነ እርቁ ክሱን ሊያስቀረው ይችላል፤ በስለት የደረሰ ከሆነ ግን ያለ አቤቱታም ሊያስከስስ ይችላል። ከባድ ጉዳትና ግድያ ደግሞ ቤተሰቦቹ ታረቁም አልታረቁ ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላቸዋል። ያም ሆኖ ደም ማድረቁ ከንቱ አይደለም፤ ቅጣት ያቀልላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንድም የወንድሙን ደም ሊበቀል ስለት እንዳያነሳ ያደርጋል። «ታርቀናል፣ ክሱ ቀረ» ብሎ ካሳ የሚሰበስብ ደላላ ከመጣ ግን ወደ ሕግ አዋቂ ሄደው ሳይጠይቁ ብር አይስጡ።

ከዚያ በኋላ

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የ10 ዓመት ልጅ የነበረው በ2018 ዓ.ም. የ14 ዓመት ታዳጊ ነው። በር በኃይል ሲንኳኳ የሚደነብር፣ ሌሊት የሚባንን፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ካልሆነ የማይቀመጥ ልጅ እልከኛ ተደርጎ ይታያል፤ ስለት ሲይዝም «ጠባዩ ነው» ይባላል። ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። እንቅልፍ ማጣቱና መደንበሩ ከአንድ ወር ካለፈ ይውሰዱት። ዱአውና ጸበሉ አይቅር፤ ሐኪሙም አይቅር። የተወጋው ልጅም፣ የወጋውም፣ ቆሞ ያየውም ይህ ያስፈልጋቸዋል። ያየው ልጅ ግን ደም ስላልፈሰሰው ማንም አይጠይቀውም።

የተጎዳው ልጅ ከሆስፒታል ሲወጣ የቲታነስ መርፌ መውሰዱን ካርዱ ላይ ያረጋግጡ። ስፌቱ እንደ ቦታው ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል፤ ቀኑን ይጠይቁ፣ በቤት ምላጭ አይቁረጡት። ትኩሳት፣ መግል፣ የሆድ መነፋት፣ ትንፋሽ ማጠር ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሱ። ትምህርት ቤት የሚመለስበትን ቀን ለሌላው ወገን ሽማግሌዎች አስቀድመው ያሳውቁ፤ የመጀመሪያዎቹን ጠዋቶች በር ድረስ የሚያደርሰውና ማታም እዚያው በር ላይ የሚጠብቀው ሰው ከወዲሁ ይመደብ።